የፓራውልቱ ግራ ጥግ

ጅጅጋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተሜ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሻርጃ ድረስ ይድረስህ። ከክፉ ሁሉ እንዲጠብቅልኝ ጠዋት ማታ መለመኔን አላቋረጥኩም። እኛ በሕይወት አለን፤ ለዚህም ተመስገን ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብናል እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም። አባባም ደህና ናቸው።

በዚህ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ስደውልልህ አባባ አጠገቤ ቁጭ ብለው «ድምፁን ከፍ አድርጊው» ይሉኛል። ጽሑፍ ብልክልህ ደግሞ የጎረቤታችን የካልቱን ልጅ ሂባቅ ስልኬን ከፍታ ታነብላቸዋለች። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ማንበብ መቻሏን ለማሳየት የማትከፍተው ነገር የለም። ስለዚህ ይህን ወረቀት በአባቷ በዐብዲሓኪም እጅ ልኬልሃለሁ። እንደምታውቀው ልብስ ሊያመጣ ዱባይ ይመላለሳል።

ነገሩ ትንሽ ነው። የአባባ ኮሮላ የፊት መከላከያ፣ ፓራውልቱ፣ ግራ ጥጉ ላይ ተላጠ። ግቢ ሳስገባ የበሩን ምሰሶ አስነክቼው ነው። ቀለሙ የመዳፍ ያህል ተነስቶ ጥቁሩ ፕላስቲክ ወጥቷል። ጋራዥ እንዳልወስደው፣ በዚህ ከተማ አባባን የማያውቅ ቀለም ቀቢ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት መኪና ሀርሺንና ደምበል ሲያመላልሱ አንዲት ጭረት ያላስነኩ ሰው ናቸው፤ እኔ ሳልመለስ ወሬው እቤት ይደርሳል። አንተ የሙያው ባለቤት ነህና እዚሁ ግቢያችን ውስጥ ራሴ እንዴት እንደምቀባው ጻፍልኝ። እዚህ የማይገኘውንም ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።

ሰላምህን ያሰማኝ።
እህትህ ፀዳለ


ሻርጃ፣ ኅዳር 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀዳለ፤

ደብዳቤሽ በደህና ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍሽን ካየሁ ስንት ዓመት ሆነኝ? ኤንቨሎፑን ሳልከፍት ብዙ ይዤው ቆየሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ሥራም አለ። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

በዐብዲሓኪም የላክሁልሽን አንድ ባንድ እነግርሻለሁ። የብርጭቆ ወረቀቱ ሦስት ዓይነት ነው፤ ሸካራው፣ መካከለኛውና ለስላሳው። ፓራውልቱን መጀመሪያ በሳሙና አጥበሽ በደንብ አድርቂው። ከዚያ የተላጠውን ጠርዝ በሸካራው ፈግፍጊው፤ ጣትሽን ስታሳልፊበት ቀለሙ የት እንዳለቀና ፕላስቲኩ የት እንደጀመረ እስከማይታወቅሽ ድረስ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሰለቸው። ጎድጎድ ያለውን በስቱኮ ሙዪውና ሲደርቅ በመካከለኛው አስተካክዪው። ግራጫው ቆርቆሮ ለፕላስቲክ ብቻ የሚሆን መሠረት ቀለም ነው። ገበያ ላይ ለብረት የሚሆነውን ቢያቀርቡልሽ እንዳትቀበዪ፤ ፓራውልት ሲነካ ይለመጣል፣ ያኛው አብሮ አይለመጥም፣ ይፈረፈራል። ቀጥሎ ብርማው ነው። የቀለሙን ቁጥር አልረሳሁትም። ከአንድ ክንድ ርቀት፣ እጅሽ ሳይቆም፣ በስሱ ሦስት ጊዜ ርጪው፤ በየመሐሉ ሩብ ሰዓት ጠብቂ። አንዴ አወፍራለሁ ካልሽ እንደ እንባ ይወርድብሻል። መጨረሻ ላይ ቨርኒሹ። ከዚያ በኋላ እስከ ማግስቱ እንዳትነኪው።

አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ። በሻሽ አይደለም። ፋርማሲ ያለውን ወፍራሙን ጭምብል ፈልጊ፤ የምትረጪውም ደጅ ይሁን። ይህን መስመር ሦስት ጊዜ አንብቢው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አባባ ጠዋት ጠዋት መኪናውን ዙሪያውን ሳያዩ ሞተር አያስነሱም ነበር። እንዴት እስከ ዛሬ አላዩትም?

ወንድምሽ ተሜ


ጅጅጋ፣ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተሜ፤

የላክኸው ሁሉ ሳይጎድል ደርሶልኛል፤ እጅህ ይባረክ። በዓሉን እንዴት ዋልክ? እኛ ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ካልቱን ልጆቿን ይዛ መጥታ ቤቱን ሞቅ አድርጋልን ዋለች።

ቀለሙን ለመቀባት አባባ ከቤት እስኪወጡ ጠበቅሁ። የድሮ የሥራ ባልደረባቸው ደምበል ላይ አርፎ ለለቅሶ በአውቶቡስ ሲሄዱ ሁለት ቀን አገኘሁ። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ፈቃድ ወሰድኩና ጀመርኩ። መፈግፈጉ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ጣቴ እየተላጠ እንኳ ጠርዙ አልጠፋ አለኝ። መሠረቱን ረጭቼ ብርማውን እንደጀመርኩ የጅጅጋን ነፋስ ታውቀዋለህ፤ ከካራማራ በኩል ተነሳና ግቢውን በአቧራ ሞላው። ፓራውልቱ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በቀለም አይደለም ያለቀስኩት፤ ድካም ነው።

በማግስቱ ነፋሱ ሳይነሳ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። መሬቱን ውሃ ረጨሁበት፣ በፓራውልቱ ዙሪያ አንሶላ ዘረጋሁ፣ የትናንቱን ሁሉ ፍቄ እንደገና ጀመርኩ። እንዳልከው በስሱ፣ በስሱ። ቨርኒሹ ሲያርፍበት ተሜ፣ እኔው ራሴ የተላጠው የት እንደነበር ጠፋኝ።

በሦስተኛው ቀን ካልቱን መጣች። አባባ ሦስቱን ልጆቿን በየጠዋቱ ትምህርት ቤት እንደሚያደርሱላት ታውቃለህ።

«ፀዳሌ፣ አዴር አሰፋ ደህና ያያሉ?» አለችኝ። ልጆቿ «አዴር» ነው የሚሏቸው፤ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እሷም ከነሱ ወርሳዋለች።

«ምነው?» አልኳት።

«ወላሂ፣ ምንም አይደለም። በቀደም መንገድ ላይ ሰላም ብላቸው አልፈውኝ ሄዱ።»

ወደ መኪናው ሄደች። ፊቱን አየች፣ ጎኑን አየች። እጇን ፓራውልቱ ላይ አሳለፈችና «ማሻአላህ፣ እንደ አዲስ ነው» ብላ ሄደች።

አሁን ደግሞ ከቀባሁት ዝቅ ብሎ ሌላ ተላጧል። ይሄም እኔ ነኝ፤ የገበያው ድንጋይ አስነክቼው ነው። ብርማው አልቆብኛልና ሌላ ላክልኝ።

እህትህ ፀዳለ


ሻርጃ፣ መጋቢት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለፀዳለ፤

ይህ ደብዳቤ በጤናሽ እንዲያገኝሽ እመኛለሁ። መልሴ ዘገየ፤ ትንሽ አሞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል።

ቀለሙን ልኬአለሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔ ስንት መቶ ፓራውልት እንደቀባሁ አላውቅም። ፓራውልት ሲመጣልኝ ነጂው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ሳይነግሩኝ አውቃለሁ። ገና መንዳት የሚለማመድ ሰው የሚያስነካው በቀኝ ነው፤ መሪው በግራ ስለሆነ ቀኙ ይርቀዋል። ግራው ግን አፍንጫው ሥር ነው። በግራ በኩል አንዴ ያስነካ ቸኩሎ ይሆናል። እዚያው ቦታ ሁለቴ የሚያስነካ ሰው ግራውን የማያይ ሰው ነው።

አንቺ ታያለሽ። የሁላችንንም ክር በመርፌ ቀዳዳ የምታስገቢው አንቺ ነበርሽ።

አባባ ናቸው?

ስልክሽን ሂባቅ ታነብላቸዋለች ብለሽ ስትጽፊ ያን ጊዜ አልፌው ሄጄ ነበር። ለምንድን ነው ራሳቸው የማያነቡት?

በጥቅሉ ውስጥ ጭምብል አለ፤ ሁለት ክብ ማጣሪያ ያለው። የእኔ ነው። ማጣሪያዎቹን በአዲስ ቀይሬልሻለሁ። ያለሱ እንዳትረጪ።

ተሜ


ጅጅጋ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለተሜ፤

እንዴት ከረምክልኝ? ለትንሣኤው አባባ ስልክ ላይ ሲያዋሩህ ድምፅህ ሰልሎብኛል።

አዎ፣ አባባ ናቸው። ምሰሶውንም ድንጋዩንም። የመጀመሪያውን ቀን ግቢ ሲገቡ ድምፁን ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁት። ስወጣ መሪውን ይዘው ተቀምጠዋል። «ምን ነበር?» አሉኝ። «ምንም የለም አባባ፣ ቆርቆሮ ወድቆ ነው» አልኳቸው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፊታቸውን ብታየው አንተም ትለው ነበር። ከዚያ በኋላ ቆርቆሮውን እውነት ለማድረግ መቀባት ነበረብኝ።

ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው መነጽር ነው የሚያስፈልገኝ ይላሉ። መነጽር ገዛሁላቸው፤ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ቡና ስሰጣቸው በግራ ካስቀመጥኩት ያፈሱታል፤ በቀኝ ካስቀመጥኩት ይጠጡታል። እኔም በቀኝ ማስቀመጥ ለመድኩ። እናታችን ካረፈች በኋላ ጠዋት የሚያስነሳቸው የካልቱን ልጆች ብቻ ናቸው። አባባ ሳይነጋ ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ መኪናው አጠገብ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ያን ቀምቼ በምን ልተካላቸው?

ሁለተኛውንም ቀብቼዋለሁ። ሦስተኛም ነበረ፤ ትንሽ ስለሆነ አልነገርኩህም። ለሁሉም ብርማው በቅቶኛል። አሁን ከአንተ ቀለም አልፈልግም። ደውለህ ቁልፉን እንዲያስቀምጡ ንገራቸው። እኔን አይሰሙኝም። አንተን «ባለሙያው ልጄ» እያሉ በየቡና ቤቱ ያወሩልሃል፤ አንተ ካልካቸው ያደርጉታል።

ሌላም አለ። ዐብዲሓኪም ያገኘህ ጋራዡ ውስጥ እንዳልሆነ ነገረኝ። አንድ መጋዘን በር ላይ የጥበቃ ልብስ ለብሰህ ተቀምጠህ ነበር አለኝ። «ደረቱን ይዞ ይስላል» አለኝ። ጭምብሉን ሳደርገው የፊትህ ቅርጽ ላስቲኩ ላይ ታትሟል። የምትሠራበትን ለምን ለእኔ ላክኸው? አንተ በምን ትሠራለህ?

ቶሎ ጻፍልኝ።
ፀዳለ


ጅጅጋ፣ ሰኔ 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተሜ፤

ዐብዲሓኪም ባዶ እጁን ተመለሰ። «ደብዳቤውን ሰጥቼዋለሁ፤ ኪሱ ከተተውና ዝም አለ» ነው ያለኝ። አልደወልክም። ምን እንደያዘህ ስለማላውቅ አልፈርድብህም። ግን የሆነውን ልንገርህ።

ባለፈው ዓርብ ጠዋት አባባ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ሲመለሱ ወደ ከብት ገበያው መንገድ ሲታጠፉ በግራ የመጣ ባጃጅ ገጩ። ባጃጁ ተገለበጠ። ነጂው ዋርፋ ይባላል፤ ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው። ቀኝ እጁ አንጓው ላይ ተሰበረ። ተሳፋሪ አልነበረውም። የኛዎቹ ልጆች ከወረዱ አምስት ደቂቃ አልሞላም፤ ሂባቅ ደግሞ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ናት።

ስደርስ አባባ ዋርፋን ደግፈው አፈር ላይ ተቀምጠዋል። የአንገት ልብሳቸውን አውልቀው እጁን አስረውለታል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ፣ የሚያውቃቸው ይመስለኛል፣ ጎንበስ ብሎ «አቶ አሰፋ፣ ባጃጁ ነው የገባብዎት። እኔ እመሰክራለሁ» አላቸው። አባባ ቀና አሉ።

«አልገባብኝም» አሉ። «እሱ መንገዱ ላይ ነው።»

በማግስቱ የዋርፋ ዘመዶች ሽማግሌዎች ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ አባባ የታወቁ ሹፌር ስለሆኑ ጥፋቱን ለሁለቱም ሊያካፍሉ ፈልገው ነበር፤ «ፈጥኖ መጥቶብህ ይሆናል» አሏቸው። አባባ በሶማልኛ መለሱላቸው። ቆመው ነው የተናገሩት። «ፍጥነቱን አላውቅም፤ አላየሁትም። በግራዬ ምንም አላይም። ዓመት አልፎኛል።» ከኪሳቸው ቁልፉን አውጥተው ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቀመጡት። እኔ በር ላይ ቆሜ ሰማሁ። ዓመት አልፎኛል አሉ፣ ተሜ። ያውቁ ነበር።

ካልቱንን የነገርኳት እኔ ነኝ። ሳትሰማ ቀድሜ ልንገራት ብዬ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ምሰሶውን፣ ድንጋዩን፣ አንሶላውን፣ የላክኸውን ቀለም። ልብስ እያጠበች ነበር። እጇ አረፋ ውስጥ እንዳለ አየችኝ።

«ጠይቄሽ ነበር» አለች።

«ጠይቀሽኛል።»

«ፓራውልቱን በእጄ ነካሁት። እሱን አይቼ ነው ልጆቼን ያሳፈርኩት፣ ፀዳለ።»

«ሂጂ» አላለችኝም። ማጠቧን ቀጠለች። ትንሽ ቆሜ ወጣሁ። ባሏ ያን ሁሉ ወር የልጆቹን ነገር በታሸገ ኤንቨሎፕ ተሸክሞ ሲያመላልስልኝ ነበር። ይህንን ለመላክ እንኳ እሱን ዓይኑን ማየት አፍሬ ሽቶ ልታመጣ ዱባይ የምትመላለሰውን ሳዳን ለምኛታለሁ።

ፓራውልቱ ለሁለት ተከፍሏል። ምንም ቀለም አትላክ። ጻፍልኝ፣ ካልሆነም ደህና መሆንህን ለሳዳ ንገራት።

ፀዳለ


ሻርጃ፣ ሐምሌ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፀዳለ፤

በምን አፌ ሰላም ልበልሽ። ሳዳ ደብዳቤሽን ስትሰጠኝ እዚያው መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። የዋርፋ እጅ እንዴት ሆነ? አባባስ እህል ይበላሉ?

ሳልደውል የቀረሁት ንቄሽ አይደለም። አሥር ጊዜ ቁጥሩን አወጣሁት። «አባባ፣ መንዳት ይብቃዎት» ልል ነው። እሳቸው ደግሞ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ሥራ እንዴት ነው?» ብለው ነው። እሱን ዋሽቼ ያንን እውነት መናገር አቃተኝ።

ቀለም ከረጨሁ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ገና አንቺ የመጀመሪያውን ስትጽፊልኝ ጋራዡን ትቼ ወር አልፎኝ ነበር። የላክሁልሽን ሁሉ የድሮ ጓደኞቼ ናቸው የሰጡኝ። እዚህ በመጣሁ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሙቀቱን አልችል ብዬ ያለ ጭምብል እረጭ ነበር። ሁላችንም እንዲሁ ነበርን፤ ጭምብል ያደረገውን እንስቅበት ነበር። በኋላ መሳል ጀመርኩ። ጉንፋን ነው አልኩ። ከዚያ ደረቴ ማታ ማታ ያፏጭ ጀመር። ሐኪሙ ቀለሙ ውስጥ ያለው ነገር ሳንባዬን ጎድቶታል፤ ሽታው ወዳለበት እንኳ እንዳትጠጋ አለኝ። ከጓደኞቼ ጋር የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃውን ስወጣ ሦስት ቦታ እቀመጣለሁ። ሰው ሲመጣ ስልክ የማነጋግር እመስላለሁ።

አንቺ ስትጽፊልኝ ግን ደስ አለኝ። አልዋሽሽም። የብርጭቆ ወረቀቱን፣ ስቱኮውን፣ የሩብ ሰዓቱን ነገር ስጽፍልሽ እንደገና ባለሙያ ሆንኩ። ለዚያ ነው ግራ ጥግ ስትዪኝ ወዲያው ያልጠየቅሁሽ። ገብቶኝ ነበር፣ ፀዳሌ። በመጀመሪያው ደብዳቤ ነው የጠረጠርኩት። ጥያቄዬን በግማሽ ወርውሬ ቀለሙን ላክሁልሽ። የካልቱን ልጆች መኪናው ውስጥ እንደሚሳፈሩም አውቅ ነበር። ካልቱን ይህን ማወቅ ካለባት ንገሪያት።

ወደ አገር እንዳልመጣ ምን ይዤ እመጣለሁ? በየቡና ቤቱ ያወሩለት ባለሙያ መጥቶ በር ላይ ደረቱ ሲያፏጭ ሊሰሙት ነው? ለአባባ አትንገሪብኝ። ወይም ንገሪያቸው። አላውቅም። ደክሞኛል። አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ።

ወንድምሽ ተሜ


ጅጅጋ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድህ ለተሜ፤

ያለህበት ቤት ሰላም ይሁን። የዋርፋ እጅ ጀሶው ወጥቶለታል፤ ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ግን ገና አይጨብጥም። ባጃጁ ተሠርቶ ወንድሙ እየነዳለት ነው። አባባ ሁለት ቀን እየዘለሉ በእግራቸው ሄደው ይጠይቁታል። መኪናውን ሸጠን ለሽማግሌዎቹ ቃል የገቡትን ከፈልን። ሲወስዱት አባባ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ አልወጡም።

ሐኪም ቤትም ሄድን። የግራ ዓይናቸው አልቋል። ግላኮማ ነው አሉን። ቀኙን ጠብታውን ካላቋረጡ ሊያቆዩት ይችላሉ። ጠዋትና ማታ እኔ ነኝ የማደርግላቸው፤ እንደ ሕፃን ያማርራሉ። እንደቀባሁት ያውቁ እንደነበር የነገሩኝ ጠብታውን ሳደርግላቸው ነው። «ገና በመጀመሪያው የቀለሙ ሽታ አልወጣም ነበር» አሉኝ። «ልጄ ይህን ያህል ከደከመችልኝ ገና እችላለሁ ማለት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ» አሉ።

ካልቱን ሰላም ትለኛለች፤ ግን ከበሩ አታልፍም። አንተ የጻፍከውን ነገርኳት። «እሱ ሩቅ ነው፤ አንቺ ግን ጎረቤቴ ነሽ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ አላወራንም። ትምህርት ቤት እስኪዘጋ ልጆቹ በእግራቸው ነበር የሄዱት። ሂባቅ አልፎ አልፎ ብቅ ብላ ለአባባ ታነብላቸዋለች፤ እናቷ ስትጠራት ትሮጣለች።

አንተን በሚመለከት ብዙ አሰብኩ። እንደመሰለሽ አድርጊ ብለሃልና ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ደብዳቤህን አወጣሁት። «አባባ፣ ተሜ ጽፏል» አልኳቸው። «በስልክ አይሻለውም?» አሉ። «ይሄ በስልክ የሚባል አይደለም» አልኩና ከ«በምን አፌ» እስከ ስምህ ድረስ አንዲት ቃል ሳልዘል አነበብኩላቸው። እሳቸው መሬቱን እያዩ ሰሙ።

አንብቤ ጨረስኩ። ተቆጡ ብዬ ወረቀቱን ማጠፍ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

«ሳንባውን ያለበትን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው።

«ደረጃ ላይ ሦስት ቦታ ይቀመጣል?»

«እንደዚያ ነው የጻፈው፣ አባባ።»

ተነስተው ግድግዳውን እየዳበሱ እስከ በሩ ሄዱ። ግቢውን በቀኝ ዓይናቸው ቃኙት። ከዚያ ዞር ሳይሉ፣

«ጻፊለት» አሉኝ። «እኛ ቤት ደረጃ የለም በይው።»

እህትህ ፀዳለ